ከይዞታችሁ የተወሰደ ናሙና ውጤቱ ለእናንተ ይነገር

በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ለአርሶ አደሮችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተሰጠ ገለጻ



እስካሁን በነበሩን ሥልጠናዎች ስለ ኮምፖስት አዘገጃጀት፣ በመስመር ስለመዝራትና ስለ ፀረ ተባይ አጠቃቀም ተነጋግረናል። የዛሬው ርዕስ ለብዙዎቻችሁ አዲስ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ባለሙያዎች በመኪና መጥተው ከጓሯችሁ አፈር በከረጢት፣ ከጉድጓዳችሁ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው ቢሄዱ ምን መጠየቅ አለባችሁ? ውጤቱ ሲመጣ ማን፣ ለማን፣ እንዴት ሊነግር ይገባዋል? የምንነጋገረው በዚህ ላይ ነው።

ይህን ጽሑፍ ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። ማንበብ የማይችል ካለ ተማሪ ልጁን አስነብቦ ይስማ።

1. ጉዳዩ ከየት መጣ?

አንበጣ፣ ተምችና ግሪሳ ወፍ ለመከላከል እንዲሁም የወባ ትንኝን ለማጥፋት ለብዙ ዓመታት በግዥም በእርዳታም ብዙ ፀረ ተባይ ኬሚካል ወደ አገራችን ገብቷል። ከእነዚህ መካከል ዲዲቲ፣ ዲልድሪን፣ ሊንዴንና ማላታይን ይገኙበታል። አንዳንዱ የተባዩ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ የደረሰ ነው፤ አንዳንዱም ጥቅም ላይ ሳይውል ጊዜው አልፎበታል። ብዙዎቹ መጋዘኖች ለኬሚካል ተብለው የተሠሩ አልነበሩም። በርሜሉ ሲዝግ፣ ከረጢቱ ሲቀደድ ኬሚካሉ ወደ መሬት ወረደ።

በ1990ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መንግሥት ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር በመሆን ከ1,000 ቶን በላይ ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ በአዲስ መያዣ አሽጎ ወደ ፊንላንድ በመላክ እንዲቃጠል አድርጓል። ይህ ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን በርሜል ይጫናል እንጂ መጋዘኑ የቆመበት መሬት ተጭኖ አይሄድም። እንደ ዲዲቲና ዲልድሪን ያሉት ኬሚካሎች በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያሉ። አሮጌ መጋዘን ባለበት አካባቢ ምርመራ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራው በፋብሪካ ፍሳሽ፣ በቆሻሻ መጣያ ወይም በነዳጅ መፍሰስ ምክንያት ቢሆንም ዛሬ የምንለው ሁሉ ያው ነው።

2. እኔ ያጠፋሁት ጥፋት

ከዓመታት በፊት በሌላ ወረዳ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። በቀበሌው ዳር አንድ አሮጌ የፀረ ተባይ መጋዘን ነበር። ከአጥሩ ጋር ተያይዞ የአንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ቤት ይገኛል። ጉድጓድ አላቸው፤ ዶሮ ያረባሉ፤ ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። እንቁላል ሸጠው ጨውና የልጆቹን ደብተር ይገዛሉ።

አንድ ጠዋት ባለሙያዎች መጡ። መንገድ የመራኋቸው እኔ ነኝ። ከጉድጓዱ ውሃ፣ ከመጋዘኑ ጀርባና ከጓሯቸው ጫፍ አፈር ወሰዱ። እናትየዋ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ምን አገኛችሁብኝ?» አሉኝ። «ምንም አይደለም እማማ፣ ለጥናት ነው። ውጤቱ ሲመጣ እንነግርዎታለን» አልኳቸው።

ውጤቱ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ወረዳው መጣ። ከላዩ ያለው ደብዳቤ «ለመረጃ እንዲሆናችሁ» ይላል። ኃላፊው ፈርመው ወደ ፋይል መሩት። እኔም አየሁት። ግማሹን ተረዳሁት፣ ግማሹን አልተረዳሁትም። «ንገር» ብሎ ያዘዘኝ የለም። ሕዝቡ ይደናገጣል ብዬም ፈራሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የእኒያ እናት የልጅ ልጅ በተቅማጥ ክፉኛ መታመሙን ነገረችኝ። ልጁ ታክሞ ድኗል። ችግሩ ግን ከወንዝ የሚቀዳው ውሃ ነበር። ጉድጓድ እያላቸው ለምን ከወንዝ እንደሚቀዱ ስትጠይቃቸው «ከጉድጓዱ ወስደው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልተመለሰም። ደህና ቢሆን ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። መርዝ ቢያገኙበት ነው ብዬ ተውኩት» ብለዋታል።

የዚያኑ ዕለት ፋይሉን አውጥቼ ከሚያውቅ ባለሙያ ጋር አነበብኩት። በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ የተፈለጉት ፀረ ተባዮች አልተገኙም ነበር። ዲዲቲ በብዛት የተገኘው በአፈሩ ውስጥ ነው። ይኸውም ከመጋዘኑ ጀርባና ዶሮዎቻቸው ቀኑን ሙሉ በሚጭሩበት የጓሮ ጫፍ ላይ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያልተበከለውን ውሃ ፈርተው ተዉት። የተበከለ አፈር ሲጭሩ ከሚውሉት ዶሮዎች የሚገኘውን እንቁላል ግን ለልጆቹ እያበሉ፣ ለገበያም እያወጡ ነበር። መጠንቀቅ አልጠሉም፤ በምን መጠንቀቅ እንዳለባቸው የነገራቸው ግን አልነበረም።

ሄጄ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወረቀቱ የት ነበር?» «ቢሮ ነበር እማማ» አልኳቸው። «ውሃው የኔ፣ ዶሮው የኔ፣ ወረቀቱ ግን የቢሮ» አሉ። የምመልሰው አጣሁ። እንቁላሉ በልጆቹ ላይ ያደረሰው ነገር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ይህን የምነግራችሁ በሌላ ቀበሌ እንዳይደገም ነው።

3. ናሙና ከመወሰዱ በፊት ምን ትጠይቃላችሁ?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ወደ ማናቸውም ይዞታ ገብተው ናሙና እንዲወስዱ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ስለዚህ አትከልክሏቸው። መጠየቅ ግን መከልከል አይደለም። ለጥናት የሚመጣ ቡድን ደግሞ አስቀድሞ ለባለይዞታው ማሳወቁ ተገቢ ነው። የሚከተሉትን ጠይቁ፤

ሀ) ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የመጣችሁት? መታወቂያችሁን ልይ።
ለ) የምትፈልጉት ምንድን ነው? ፀረ ተባይ ነው? ብረት ነክ ነገር ነው? የተቅማጥ ጀርም ነው?
ሐ) ከየት ከየት ቦታ ትወስዳላችሁ?
መ) ውጤቱ መቼ ይደርሳል?
ሠ) ውጤቱን ማን ይነግረኛል? ስሙና ስልኩ ይጻፍልኝ።
ረ) ውጤቱ እስኪመጣ ውሃውን ልጠጣ? ከብቱን ላጠጣ? አትክልቱን ልሽጥ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ሳትጠይቁ አትለያዩ። እኒያ እናት ስምንት ወር የተንገላቱት ይህን ጥያቄ የመለሰላቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

ማሳወቂያው ለሚመለከተው ሁሉ ይድረስ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የባልና የሚስት ከሆነ ለሁለቱም ይነገር። ባለይዞታው ከተማ ሆኖ መሬቱን በእኩል ወይም በኪራይ የሚያርሰው ሌላ ከሆነ ለአራሹም ይነገር፤ ውሃውን የሚጠጣው እርሱ ነውና። ከአንድ ጉድጓድ የሚቀዱ ጎረቤቶችም ማወቅ አለባቸው።

4. ናሙና ሲወሰድ

አጠገባቸው ቁሙ። ናሙናው የተወሰደበትን ቦታ በድንጋይ ወይም በችካል ምልክት አድርጉ። በከረጢቱና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና ቀኑን በደብተራችሁ ገልብጡ። ውጤቱ ሲመጣ የእናንተ ጓሮ ከጎረቤት ጓሮ የሚለየው በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሌለው ሰው «የእኔ የትኛው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያጣል።

5. ውጤት ሲነገር ምን ምን መያዝ አለበት?

ውጤት በቃልም በጽሑፍም ይነገር። በቃል የሚነገረው ጥያቄ መጠየቅ እንድትችሉ ነው። በጽሑፍ የሚሰጠው ደግሞ ነገ ለሐኪም፣ ለገዥ ወይም ለፍርድ ቤት ማሳየት እንድትችሉ ነው። አምስት ነገሮች መመለስ አለባቸው፤

አንደኛ፣ የተፈለገው ምን ነበር?
ሁለተኛ፣ የተገኘው ምንድን ነው? በየትኛው ቦታ? ምን ያህል?
ሦስተኛ፣ ከየትኛው የተፈቀደ መጠን ጋር ተነጻጸረ?
አራተኛ፣ ያልተመረመረው ምንድን ነው?
አምስተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምን ላድርግ? መንግሥትስ ምን ያደርጋል? መቼ?

አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋል። «አልተገኘም» የሚለው ቃል የሚሠራው ለተፈለገው ነገር ብቻ ነው። ውሃው ለፀረ ተባይ ተመርምሮ ንጹሕ ቢባል ከጀርም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ከጀርም ነጻ የተባለ ውሃም ፍሎራይድ ሊኖርበት ይችላል።

6. ቁጥሩን እንዴት እናንብብ?

በወረቀቱ ላይ የምታዩት ቁጥር ብቻውን ደግም ክፉም አይደለም። ሁለት ነገር አብሮት ይታይ፤ መለኪያውና የተፈቀደው መጠን።

በአፈር ላይ «1 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም» ሲባል በ10 ኩንታል አፈር ውስጥ 1 ግራም አለ ማለት ነው። በውሃ ላይ «1 ማይክሮ ግራም በሊትር» ሲባል ባለ 200 ሊትር በርሜል 5,000 ተደርድሮ በሞላው ውሃ ውስጥ 1 ግራም አለ ማለት ነው። ይህ በጣም ትንሽ ይመስላል። ለአንዳንድ ኬሚካል ግን ትንሹም ብዙ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣቸው አንዳንድ መጠኖች እነዚህ ናቸው፤

• ዲዲቲ፦ በሊትር 1 ማይክሮ ግራም
• አልድሪንና ዲልድሪን ተደምረው፦ በሊትር 0.03 ማይክሮ ግራም
• ሊንዴን፦ በሊትር 2 ማይክሮ ግራም
• አርሴኒክ፦ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም
• ናይትሬት፦ በሊትር 50 ሚሊ ግራም
• ፍሎራይድ፦ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም
• ከዓይነ ምድር የሚመጣ ጀርም (ኢኮላይ)፦ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ምንም መኖር የለበትም

አንድ ሚሊ ግራም 1,000 ማይክሮ ግራም መሆኑን አትርሱ። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው አንድ ሺህ ጊዜ ይሳሳታል። ይህ ሠንጠረዥ ለመጠጥ ውሃ ብቻ ነው። ለአፈር፣ ለመስኖ ውሃና ለምግብ የየራሱ መጠን አለው፤ «ይህ ቁጥር የተነጻጸረው ከምን ጋር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

7. አፈሩ ተበክሏል ከተባለ

ዲዲቲና መሰሎቹ በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሙም። ከአፈር ጋር ይጣበቃሉ፤ በእንስሳና በሰው ስብ ውስጥም ይጠራቀማሉ። ስለዚህ በእንቁላል አስኳል፣ በወተትና በቅቤ ሊመጡ ይችላሉ። የመፍትሔ ሥራ እስኪጀመር ድረስ፤

ሀ) ቦታውን እጠሩ። ልጆች እንዳይጫወቱበት፣ ዶሮ እንዳይጭርበት፣ ከብት እንዳይግጥበት አድርጉ።
ለ) በዚያ ሲጭሩ የኖሩ ዶሮዎችን እንቁላል አትብሉ፣ አትሽጡም። ስለ ዶሮዎቹና ስለ ከብቱ ወተት የእንስሳት ጤና ባለሙያ አማክሩ።
ሐ) ከዚያ ቦታ አፈር ወስዳችሁ ቤት አትምረጉ፤ ወደ ማሳም አትበትኑ። ከፈረሰ መጋዘን እንጨትና ቆርቆሮ ለቤት ሥራ አትውሰዱ።
መ) በቦታው ላይ ድንች፣ ካሮትና ሌላ ሥራ ሥር አትትከሉ። የዱባ ዝርያዎችም እነዚህን ኬሚካሎች ከአፈር የመሳብ ባሕርይ ስላላቸው አትትከሉ።
ሠ) የኬሚካል በርሜል ወይም ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ለውሃ፣ ለጠላም ሆነ ለእህል አይሁን።
ረ) ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል። ኬሚካልን ያስወግዳል ብላችሁ ግን አትተማመኑበት።
ሰ) በራሳችሁ ቆፍራችሁ ለማውጣት ወይም ለማቃጠል አትሞክሩ። ይህ ልዩ ልብስና ልዩ ቦታ የሚፈልግ ሥራ ነው።

8. ውጤቱ ካልተነገራችሁ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያ የልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁን ጠይቁ። ካልተመለሰላችሁ ለወረዳው በጽሑፍ አቅርቡ። ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ «በዚህ ቀን ከዚህ ቦታ በዚህ ቁጥር ናሙና ተወስዷል፤ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ» ማለት ይበቃል። ገቢ ሲደረግ ቀኑን አስጽፋችሁ ቅጂውን ያዙ።

ብክለቱን ያደረሰ ካለ በአዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ጉዳቱ በእርሱ ላይ መድረሱን ማሳየት እንኳን አይጠበቅበትም። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ቅር ካለው፣ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት ማምራት ይችላል። ቀኑን ቁጠሩ። ቀን ያለፈበት አቤቱታ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል።

9. «ከተነገረ ገበያዬ ይዘጋል» ስለሚለው ስጋት

ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። አንድ ጓሮ ተበከለ ሲባል የቀበሌው እንቁላል ሁሉ ሊጠረጠር ይችላል። ነገር ግን ወሬውን የሚያስፋፋው ዝምታ ነው። ናሙና ሲወሰድ ጎረቤት ሁሉ አይቷል። ውጤቱ ካልተነገረ እያንዳንዱ የራሱን ውጤት ይፈጥራል። የተበከለው ቦታ «ከዚህ ዛፍ እስከዚያ አጥር» ተብሎ ሲለይ ግን የቀረው ሰው ከጥርጣሬ ነጻ ይሆናል። ዕቃውንም በልበ ሙሉነት ይሸጣል።

ቦታው የተለየበት ቤተሰብ ግን በእርግጥ ይጎዳል፤ የጓሮውን ጫፍ፣ የእንቁላሉን ገቢ ያጣል። ስለዚህ ጎረቤት እንዲያገለው ሳይሆን እንዲያግዘው ይሁን። ቀበሌውም የዶሮ ማደሪያ አጥር ለመሥራት፣ ውሃ ለመቅዳት፣ አቤቱታ ለመጻፍ ከጎኑ ይቁም።

10. ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች

ልጆቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አንድ ቃል ለእናንተ። ውጤት እጃችሁ ሲገባ «ለመረጃ» የሚል ደብዳቤ አያስተኛችሁ። ያልገባችሁን ለወረዳው ወይም ለጤና ባለሙያው ደውላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሂዱ። በስብሰባ ላይ ከመናገራችሁ በፊት ለባለቤቱ በቤቱ ንገሩ፤ ሰው የራሱን ጓሮ ጉዳይ ከሕዝብ መካከል መስማት የለበትም። ያልተረጋገጠውን «ገና አልተረጋገጠም» በሉ። «ምንም አይደለም» አትበሉ። እኔ «ምንም አይደለም እማማ» ብዬ የተናገርኩት ናሙናው ገና ከጠርሙሱ ሳይወጣ ነበር።

ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ሄዳችሁ ንገሩ። «ጥሩ ስለሆነ መንገር አያስፈልግም» የሚል ሰው ጉድጓዷን ትታ ወንዝ የምትወርድ እናት እንዳለች አላወቀም።

በአበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በዚያ ቀበሌ በሽታውን የደበቀው በሽተኛው አልነበረም፤ እኛ ነበርን።



ለቡድን ውይይት

1) በቀበሌያችሁ አሮጌ የኬሚካል መጋዘን ወይም የኬሚካል መቅበሪያ ቦታ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ? ቦታውን በካርታ ላይ አመልክቱ።
2) ከዚህ በፊት ከይዞታችሁ ናሙና ተወስዶ ውጤቱን ያልሰማችሁ አላችሁ? መቼ ነበር? በዛሬው ዕለት የመጠየቂያ ማመልከቻ አብረን እንጻፍ።
3) ከአንድ ጉድጓድ የሚቀዱ አባወራዎችና እማወራዎች ውጤት ሲመጣ እንዴት በአንድ ቀን ሊሰሙ ይችላሉ?